ማስተካከያ፦ ስለ «ሌስ» እና «ፊወር»

ባለፈው ሳምንት «ሌስ» እና «ፊወር» ስለሚባሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ጽፌ ነበር። ሁለቱም «ያነሰ» ማለት ናቸው። እዚያ ላይ «ቁጥር ካለ ሁልጊዜ ፊወር ነው» ብያለሁ። ይህ ስህተት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንድ፣ ሁለት እያልን ለምንቆጥረው ነገር «ፊወር» ይመረጣል፤ «ፊወር ቡክስ» እንላለን። ለማይቆጠር ደግሞ «ሌስ ዋተር»። እስከዚህ ያልኩት ልክ ነው። የሳትኩት ጊዜ፣ ርቀት፣ ገንዘብና ክብደት ላይ ነው። እነዚህ ቁጥር ቢኖራቸውም የሚታዩት እንደ አንድ መጠን ነው። «ከአምስት ኪሎ ሜትር ያነሰ» ስንል ኪሎ ሜትሮቹን አንድ በአንድ እየለቀምን አይደለም፤ የምናወራው ስለ አንድ ርቀት ነው። ስለዚህ «ሌስ ዛን ፋይቭ ኪሎሜተርስ» ነው የሚባለው። ለአስር ደቂቃም ያው ነው።

ይህን ያረጋገጥኩት ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትና ከቃላት አጠቃቀም መመሪያዎች ነው። ደንቡም እኔ እንዳስመሰልኩት ጥብቅ ሕግ ሆኖ አልተወለደም። እ.ኤ.አ. በ1770 ሮበርት ቤከር የተባለ እንግሊዛዊ ለቁጥር «ፊወር» የተሻለ እንደሚመስለው ጻፈ። የግል ምርጫው ነበር። ዛሬም በንግግር ብዙ እንግሊዝኛ አፍ የፈቱ ሰዎች ለሚቆጠር ነገር «ሌስ» ይላሉ። በፈተናና በመደበኛ ጽሑፍ ግን «ፊወር»ን ያዙ።

የኔን ጽሑፍ አይታችሁ «ሌስ ዛን ቴን ሚኒትስ» የሚለውን ወደ «ፊወር» የቀየራችሁ፣ ወደነበረበት መልሱት። ተማሪ ደብተር ላይ ኤክስ ያደረጋችሁ መምህራን ካላችሁ ደግሞ እባካችሁ ነጥቡን መልሱላቸው። የመጀመሪያውን ጽሑፍ አስተካክዬዋለሁ።