ነገርን ከሥሩ፣ ሳንቲምን ከዝገቱ

ከሰሞኑ አንድ የታክሲ ረዳት መልስ ብሎ ያስጨበጠኝ ባለ አንድ ብር ሳንቲም ነገር እየከነከነኝ ነው። ጠቁሯል ብዬ ባልፈው ይቀለኝ ነበር፤ የጠቆረ ሳንቲም መች አዲስ ሆነና! የዚህኛው ግን ለየት ይላል። ብጫ መሆን የሚገባው ክፍሉ ቀልቷል፤ ነጭ መሆን የሚገባው ወይቧል፤ ሁለቱ የሚጋጠሙበት ዙሪያ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ነገር አብቅሏል። ‹‹ይሄ ምን ሆኖ ነው?›› ብዬ ብጠይቀው ረዳቱ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው ‹‹ፋዘር፣ ብር ነው›› አለና ‹‹ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!›› ማለቱን ቀጠለ። ብር መሆኑን መች ጠየቅኩት?

ከጎኔ የተቀመጡ እናት አዘኑልኝ። ‹‹አይዞህ ልጄ፣ ሲመሽ ስጣቸው። በጨለማ አያዩትም›› አሉኝ። (በአንድ ወንበር ላይ አባትም ልጅም ሆንኩ ማለት ነው።)

በዚህ ከተማ የተበላሸ ገንዘብ ለሌላ ሰው የማሻገር ጥበብ የማያውቅ የለም። የተቀደደው አሥር ብር ከሁለት ደህና ብሮች መሀል ይሸጎጣል። በስኮች የተጣበቀው ወገን ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሻጩ ወረፋ ሲበዛበትና ሲዋከብ ተጠብቆ ይሰጣል። ማንም አልቀበልም ያለው ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን በር ይቀመጣል፤ ለነዳያን። ታክሲ የናቀውን ለእግዜር! ይህ ሁሉ ብልሃት ባለበት አገር ‹‹ግን ለምን እንዲህ ሆነ?›› የሚል አንድ ሰው ብፈልግ አጣሁ።

እኔ ደግሞ ከተረቶች ሁሉ አብልጬ የምወደው ‹‹ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ›› የሚለውን ነው። ለልጅም ለአዋቂም፣ ለዕቁብ ጠብም ለባልና ሚስት እርቅም ሳልጠየቅ እጠቅሰዋለሁ። ሁለተኛው ግማሹ ግን በእኛ ሰፈር አይሠራም። ውሃን ከጥሩ ለማለት አስቀድሞ ውሃ መኖር አለበት። የእኛ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ያውም ሌሊት። መጀመሪያ ቧንቧው አየር ያስላል፤ ቀጥሎ ቀይ ይተፋል፤ ከዚያ ነው ውሃ የሚመስል ነገር የሚከተለው። ቀዩ ምን እንደሆነ አከራዬን ብጠይቃቸው ‹‹ይጠልላል›› አሉኝ። ምን እንደሆነ ነው የጠየቅኳቸው እኮ! ምን እንደሚሆን አይደለም። ያረጀ የብረት ቧንቧ ዝገት ነው፤ ብረት ከውሃና ከአየር ጋር ሲውል ሲያድር የሚያበቅለው ነገር። ጀሪካኑን ግድግዳ ሥር ታስጠጉታላችሁ፣ ቀዩ ከሥር ይቀራል፣ ከላይ ከላይ ትቀዳላችሁ። የሚጠልል ነገር ምክንያቱ አይጠየቅም።

ወደ ሳንቲሜ ልመለስ። ባለ አንድ ብሩ ሳንቲም በ2002 ዓ.ም. በወረቀቱ ቦታ ሲመጣ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ገንዘብነቱ ቀርቶ ጨርቅ ሆኖ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ላይ ያለው ልጅ በመታጠፍ ብዛት ሽማግሌ መስሏል፤ ከጀርባው ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላብና በቅባት ደርቋል። ሳንቲሙ ግን አማረብን። በአንድ ወገን አንበሳ፣ በሌላው ሚዛን፣ ቀለሙ ሁለት። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት አምጥታችሁ ብታስጠጉት ነው ገመናው የሚወጣው፤ ዘሎ ይለጠፋል። ብጫ መልክ የሰጠው ናስ ደግሞ በማግኔት አይሳብም። ስለዚህ ከውስጥ ብረት ነው፤ ብጫውም ነጩም ከላይ የተለበጠ ስስ ልብስ ነው። ብረት ከመዳብ ስለሚረክስ ብዙ አገር የሚያደርገው ነገር ነው፤ በዚህ አልከስም።

የ1969 ዓ.ም. ሳንቲሞች እንዲህ አልነበሩም። ባለ አምስቱና ባለ አሥሩ እስከ ልባቸው ናስ፣ ስሙኒና ሽልንጉ መዳብና ኒኬል ተቀላቅሎ የቀለጠ። ያቺ ገበሬው በበሬ የሚያርስባት አንድ ሳንቲም እንኳ አሉሚኒየም ነበረች፤ ከላይም ከውስጥም። በሞረድ ብትፍቋቸው የሚደብቁት ነገር አልነበራቸውም።

ልብጥ ነገር ከተነሳ የ2000 ዓ.ም.ን ጉድ ሳልጠቅስ አላልፍም። ብሔራዊ ባንክ ወርቅ ብሎ የገዛው፣ ወርቅ ተብሎ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከው ነገር እዚያ ሲመረመር ወርቅ የተቀባ ብረት ሆኖ ተመለሰ። እንግዲህ ትልቁ ካዝና በወርቅ ከተሸወደ እኔ በአንድ ብር ላይ ይህን ያህል መብከንከኔ ያስቃል። ግን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በርበሬው ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤው ውስጥ ሙዝ፣ እንጀራው ውስጥ ጀሶ ተገኘ ሲባል ስንት ጊዜ ሰማን? ሰምተንስ ምን አልን? ‹‹የት ሰፈር ነው?›› ብለን ጠየቅን፣ የኛ ሰፈር አለመሆኑን ሲነግሩን ተንፍሰን ምሳችንን በላን። ሰው ሆድ ውስጥ ጀሶ የሚጨምር ሰው ጎረቤት አለው፣ ዕድር አለው፣ በበዓል ቀን ነጭ ለብሶ ይሳለማል። እሱን ማንም ‹‹መልስ ቀይርልኝ›› አላለውም።

ቤት ገብቼ ሳንቲሙን መስኮት ላይ ሳስቀምጠው ደግሞ ሊቃውንቱ ተሰበሰቡ። አከራዬ እማማ ገና ከሩቁ ‹‹ፎርጅድ ነው›› አሉ። አንድ ብር ፎርጅድ ለመሥራት ሁለት ዓይነት ልብጥ፣ ማተሚያ መኪና፣ የአንበሳ ጋማ የሚቀርጽ ባለሙያ ያስፈልጋል። በተለይ ብር በገበያ ዋጋ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ባለ አንድ ብር አስመስሎ የሚሠራ ሰው ቢገኝ ፖሊስ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው። ድሮ ግን ያዋጣ ነበር። 1936 ዓ.ም. ታትሞበት የወጣው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ስሙኒ ከመዳብ፣ ሽልንጉ ደግሞ ከብር የተሠራ ነበር፤ ስፋታቸውም ይቀራረባል። ብልጣ ብልጦቹ ቀዩን ስሙኒ ብር እየለበጡ በሽልንግ ሒሳብ ማሻገር ያዙ። መንግሥትም ሌባውን ከማሳደድ ይልቅ የስሙኒውን ጠርዝ አበባ አስመስሎ ከረከመውና ነገሩ አለቀ፤ ዓይን ቢታለል ጣት አይታለልም። ያንን ባለ አበባ ጠርዝ ስሙኒ ‹‹ለጌጥ ነው›› ሲሉ የኖሩ ሰዎች አሉ። ለሌባ ነው!

ጡረታ የወጡት የሰፈራችን መምህር መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱና ‹‹ጥንታዊ ነው፣ እንዳትሰጠው›› አሉኝ። ‹‹ጋሼ፣ ዓመቱ ተጽፎበታል እኮ›› ብላቸው ‹‹ይሁን፣ ቀለሙ ጥንታዊ ነው›› አሉ። ልጃቸው ደግሞ ስልኩን አወጣ። ቴሌግራም ላይ የ1969ን አሥር ሳንቲም በሚሊዮን ብር የሚገዛ ፈረንጅ አለ አለኝ። ይህን ፈረንጅ ሁሉም ሰምቶታል፣ ያየው የለም። አሥር ሳንቲሟን በሚሊዮን የሚሸጥ እንጂ የገዛ ሰው አንድ ቀን ሲጋበዝ ሰምታችኋል?

ወግ ነውና ጥንት ካሉ አይቀር ጠገራውን ላንሳ። ጠገራ በሚባለው ማርትሬዛ ብር ላይ የተጻፈው ዓመት ሁልጊዜ በፈረንጅ 1780 ነው፤ ምስላቸው ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞቱበት ዓመት። በቪየና ተመታ፣ በለንደን ተመታ፣ በሮም ተመታ፣ በቦምቤይ ተመታ፤ ዓመቱ ግን ንቅንቅ አላለም። አያቶቻችን ይህን 28 ግራም የሚመዝን ብር ሲቀበሉ እንደኔ ቀለሙን አይተው ብቻ አልተጨቃጨቁም። የንግሥቲቱን የራስ ጌጥና የትከሻ ፈርጥ ዕንቁ በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር፤ ከጎደለ ወይ ከደበዘዘ አይቀበሉም። ነጋዴው ቢለምን፣ ቢምል፣ ‹‹ብር ነው እኮ!›› ቢል አይሰሙትም። ምክንያት ነበራቸዋ! ጌጡ ካለቀ ብሩም አልቋል፤ ዋጋው ክብደቱ ነበር። እኛ ዘንድ ምክንያቱ ቀርቶ ፊት ማጥቆሩ ብቻ ተረፈ። የእኔ ሳንቲም ቢጠቁርም ቢቀላም አንድ ብርነቱ አይጎድልም፤ ቢያንጸባርቅም ምንም አይገዛም።

ፊት ማጥቆር ካልኩ ቂሜንም ላውጣው። አንድ ትልቅ መደብር አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ መቼም እናንተም ሰፈር አለ። ዕቃው ሁሉ ዋጋው በ95 ሳንቲም ያልቃል። ሒሳብ ስትከፍሉ ማሽኑ ጭር ጭር ብሎ ደረሰኝ ይተፋል፤ ደረሰኙ ላይ ‹‹መልስ›› ይላል፤ ከነሳንቲሙ በሚገባ ተጽፏል። ልጅቷ መሳቢያውን ትከፍታለች፣ ታያለች፣ ትዘጋለች፣ ከረሜላ ታስጨብጣችኋለች። ከረሜላው አላስቆጣኝም። ደረሰኙ ነው ያስቆጣኝ። ለመንግሥት መዝገብ እኔ አምስት ሳንቲሜን የተቀበልኩ ሰው ነኝ! ‹‹የማትመለስ ከሆነች ለምን ዋጋ ውስጥ አስገባችኋት?›› ብዬ ሥራ አስኪያጁን አስጠርቼ ነበር። ሰውዬው በጣም ትሁት ነው፤ ከኪሱ አንድ ብር አወጣና ‹‹እንካ አባቴ፣ አትጨቃጨቅ›› አለኝ። ምጽዋት! የገዛ መልሴን በምጽዋት! ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ‹‹በአንድ ብር ነው እንዴ?›› ብሎ ሳቀ። አዎ፣ በአንድ ብር ነው። በቴሌብር ክፈል ይሉኛል፤ እከፍላለሁም፤ እዚያማ ሳንቲሟ ሳትጎድል ትቆጠራለች፤ አትጠቁርም፣ አትዝግም፣ ከረሜላም አትሆንም። ግን ያቺን ሰልፍ እስካሁን አልረሳኋትም።

ውይ፣ ሳንቲሙ! የስልኬን ካሜራ አቅርቤ አይቼው ነበር፤ ፈጠን ብዬ ልንገራችሁ። ናስ ማለት መዳብና ዚንክ ነው። የእጅ ላብ ጨውና አሲድ አለው፤ ዚንኩ ቀድሞ ይሸሻል፣ መዳቡ ብቻውን ይቀራል፤ ብጫው ወደ ቀይ የሄደው ለዚህ ነው። አረንጓዴው መዳብ ከጨውና ከእርጥበት ጋር የሠራው ነው፤ መጋጠሚያው ላይ የበዛው እዚያ ላብ ስለሚያቁርና ሁለት ዓይነት ብረታ ብረት በጨው ውሃ ሲነካካ አንዱ ሌላውን ቶሎ ስለሚያስበላው ነው። የአንበሳው ጋማ ላይ ያለችው ቡናማ ነጥብ ደግሞ ልብጡ ተልጦ ከሥር ያለው ብረት ዝጎ ነው፤ ያው የቧንቧችን ዝገት። ረዳት ቀኑን ሙሉ በላብ መዳፍ የሚጨብጠው፣ ማታ ከቁልፍ ጋር ኪሱ ውስጥ የሚያንገላታው ሳንቲም ሌላ ምን እንዲሆን ትጠብቃላችሁ? ሳንቲም ሳንቲም የሚለው ሽታ እንኳ የራሱ አይደለም፤ የቆዳችን ቅባት ከብረቱ ጋር ሲገናኝ የሚወጣ ነው። የእማማ የብር መስቀል ሲጠቁር ‹‹ዓይን ነው›› የሚሉትም ነገር ድኝ ነው፤ በጭስም በላብም በእንቁላልም ውስጥ አለ።

ይህን ሁሉ ላስረዳቸው ስወጣ ሳንቲሙ መስኮቱ ላይ የለም። እማማ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው በአመድና በሎሚ እየፈተጉት ነው። ሎሚው ጥቁረቱን አሟሙቶ የተረፈውንም ዚንክ ሳይበላው አልቀረም፤ ከበፊቱ ይልቅ ቀልቶ ያብረቀርቃል። ‹‹አየህ?›› አሉኝ ወደ ፀሐይ እያዞሩት፣ ‹‹ወርቅ ሆነ።››

‹‹እማማ፣ ሎሚውን ከየት አመጡት?››

‹‹ካንተ መደርደሪያ።››

አንድ ሎሚ ዛሬ በስንት እንደሚሸጥ ለምትገዙ አልነግራችሁም፤ እንዲህ ያለ ሳንቲም በእፍኝ ይጠይቃል። እማማ ግን ግማሹ ስለተረፋቸው ‹‹ሳይደርቅብኝ ሌላ የጠቆረ ካለህ አምጣው›› እያሉኝ ነው።