«ምንም ሳያደርግ» የተባለው ልጅ

ሰሞኑን የአኒሜ፣ ማለትም የጃፓን አኒሜሽን፣ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ አስተያየት ይደጋገማል። «ማይ ድሬስ-አፕ ዳርሊንግ» የተባለው ተከታታይ የሰነፍ ወንድ ሕልም ነው ይሉናል፦ አንገቱን ደፍቶ የሚኖር ልጅ ምንም ሳያደርግ የክፍሉ ቆንጆ ራሷ መጥታ ትወደዋለች። ዝምተኛውን ከተጫዋቿ፣ ዓይን አፋሩን ከደፋሯ ማጣመር ያረጀ ዘዴ ስለሆነም አንዱን ያየ ሁሉንም አይቷል ይባላል። አፍ ዳገት አይፈራም።

«ምንም ሳያደርግ» ከሚለው ልጀምር። ይህን ያለ ሰው ተከታታዩን ያየው ስልኩን እየነካካ መሆን አለበት። ልጁ ዋካና ጎጆ ከቆንጆዋ ማሪን ኪታጋዋ ጋር የሚተዋወቀው ትምህርት ቤቱ የስፌት ክፍል ውስጥ፣ የስፌት መኪናው ላይ እንዳቀረቀረ ነው። የቤቱ የስፌት መኪና ተበላሽቶበት የአሻንጉሊት ልብስ እዚያ እየሰፋ ነበር። ማሪን በገዛ እጇ የሰፋችውን የኮስፕሌይ ልብስ፣ ማለትም አንድን ገጸ ባሕሪ ለመምሰል የሚለበሰውን፣ ስታሳየው አያሞግሳትም። ሌላ ጊዜ ቀና ብሎ ሊያያት የሚፈራው ልጅ ነገሩ ስፌት ላይ ሲደርስ ይሉኝታውን ይረሳል፤ ጉድለቱን አንድ በአንድ ይነግራታል። ሊሰፋላት የሚስማማውም ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ልብስ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ተቺዎቹ አልገባቸውም። ዋካና የሚያውቀው የሂና አሻንጉሊት ማልበስ ነው፤ በየዓመቱ ማርች 3 በጃፓን የሴት ልጆች በዓል የሚደረደሩትን። በሳይታማ የምትገኘው ኢዋትሱኪ በዚህ ሙያ የታወቀች ናት፣ የዋካና አያትም የአሻንጉሊት ራስ ሠሪ ናቸው። የሂና አሻንጉሊት ገላው የታሰረ ገለባ፣ ክንዱ ሽቦ ነው። ጨርቁ እንዳይልፈሰፈስ ከጀርባው ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ከለበሰ በኋላ ክንዱ ይታጠፍና በዚያው ይቀራል። አይተነፍስም፣ አይቀመጥም፣ አያልበውም። ሰው ግን ክንዱን ያነሳል። የማይለጠጥ ጨርቅ ከደረት ልክ ጋር እኩል ከተቆረጠ ብብቱ ላይ ይተረተራል፤ ቢያንስ 4 ወይም 5 ሳንቲሜትር ትርፍ ይፈልጋል። ለስፌቱ ጠርዝ ደግሞ ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲሜትር ይጨመራል። የሚለጠጥ ጨርቅ ሲሆን ተገላቢጦሽ ነው፣ ከልኩ ካልተቀነሰ ይንዘላዘላል። የክሩን አቅጣጫ ሳይጠብቅ የተቆረጠ ቀሚስ አንድ ቀን ተሰቅሎ ሲያድር ወደ ጎን ይጠመዘዛል፤ ያኔ ጨርቁም ገንዘቡም ሄደ። ገለባ ማልበስ የለመደ እጅ ይህን ሁሉ እንደ አዲስ መማር አለበት፣ ዋካናም ሲማር እናያለን። እጁ እየተንቀጠቀጠ ሜትር ይዞ ልኳን ይወስዳል። የምትመስላትን ገጸ ባሕሪ ለመረዳት እሷ ያለችበትን ጌም ተቀምጦ ይጫወታል። ምንም ሳያደርግ ማለት ይህ ነው?

አራተኛውን ክፍል ያየ ሰው ይህን ቃል ደግሞ አያነሳውም። ማሪን በወሬ መሃል ስለ አንድ ዝግጅት ቀን ጣል ታደርጋለች፤ እሱ ቁርጥ ቀጠሮ ነው ብሎ ይይዘዋል። ያለው ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። በዚያው መሃል የትምህርት ቤት ፈተና አለ፣ አያቱም ሆስፒታል ይገባሉ። እንቅልፉን ሰውቶ ያደርሰዋል። ማሪን ነገሩን ስታውቅ መጀመሪያ የሚመጣባት እንባ ነው፤ ቶሎ አድርስልኝ አላለችውማ። አንዷ ሐሳቧን ሳትመዝን የምትናገር፣ ሌላው የሰማውን ሁሉ ከልቡ የሚይዝ ሲገናኙ የሚፈጠረውን ጣጣ እንዲህ አጥርቶ ያሳየን ስንቱ የፍቅር ኮሜዲ ነው?

ካሜራው አንዳንዴ የማይገባው ቦታ ይዘገያል፤ ለእሱ ጥብቅና አልቆምም። ከዚህ ውጭ የምለቀው ነገር የለኝም።

«አንዱን ያየ ሁሉንም አይቷል» ለሚሉት «ቶራዶራ» የተባለ ሌላ አኒሜ አለላቸው፤ ጄ.ሲ.ስታፍ የተባለው ስቱዲዮ በ2008 እና 2009 ያወጣው፣ 25 ክፍል ያለው። እዚያ ወንዱ ታካሱ ሪዩጂ ዓይኑ የሚያስፈራ፣ ጽዳትና ወጥ ቤት ነፍሱ የሆነ ልጅ ነው። አይሳካ ታይጋ ደግሞ ትንሽ፣ ቁጡ፣ የቤት ውስጥ ሥራ የማያውቃት። የፍቅር ደብዳቤ በስህተት እሱ ቦርሳ ውስጥ ስለከተተች በሌሊት የእንጨት ሰይፍ ይዛ ቤቱ ሰብራ ትገባለች፤ ለካ ፖስታው ባዶ ነው። ረኃብ ሲጥላት ሩዝ ጠብሶ ያበላታል። ይህቺና ማሪን አንድ ናቸው የሚል ሰው ከመጠምጠም መማር ይቅደም ቢባል አይቀየም። የሁለቱ ተከታታዮች ዝምድና ሌላ ነው፦ በሁለቱም ሰዎቹ የሚቀራረቡት በእጅ ሥራ ነው፣ በአንዱ በመጥበሻ፣ በሌላው በመርፌ። ተቃራኒ ጸባይ ብቻውን ሁለት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ አያውልም፤ የሚሠራ ነገር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ አያቱ ሙያ ልመለስ፣ ቁልፉ እዚያ ነውና። የአሻንጉሊቱ ራስ በጥንቱ አሠራር ከኪሪ ዛፍ ሰጋቱራና ከስታርች ሙጫ ተቦክቶ ይቀረጻል። ላዩ የዛጎል ዱቄት ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚወጣ ሙጫ ተበጥብጦ ደግሞ ደጋግሞ ይቀባል። ሙጫው ከበዛ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ካነሰ ይረግፋል። ቅንድቡ በቀጭን ብሩሽ የሚሳል ጭረት ነው፤ እጅ ካመነታ ፊቱ ተበላሸ። ይህን እያየ ያደገ፣ ወንድ ሆነህ አሻንጉሊት ትወዳለህ ተብሎም በልጅነቱ የተነወረ ልጅ «ቆንጆ» የሚለውን ቃል እንደ ሰላምታ አይበትነውም። ከልቡ ላመነበት ነገር ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ማሪንም ይህን ከአፉ ሰምታዋለች።

አምስተኛው ክፍል ላይ ከኮስፕሌይ ዝግጅት በባቡር እየተመለሱ ነው። ዋካና ድካም ጥሎት ዓይኑ እየተከደነ ነው። በእንቅልፍና በንቃት መሃል ሆኖ ማሪን ዛሬ በጣም ቆንጆ እንደነበረች ይናገርና እንቅልፍ ይወስደዋል። የተናገረውን እንኳ የሚያውቀው አይመስልም። ስትለፈልፍ የዋለችው ማሪን አጠገቡ ቁጭ ብላ ፊቷ ፍም ይመስላል፤ መልስ የላትም።