«ጥናት አስጠንተናል»

ስብሰባ ላይ ክርክርን ባንዴ ጸጥ የሚያሰኝ ንግግር አለ፤ «ጥናት አስጠንተናል» የሚል። ከዚያ በኋላ ማንም ትንፍሽ አይልም። ማን አጠናው? ማን ተጠየቀ? ምን ተብሎ? ይህን መጠየቅ የሰው ደመወዝ እንደመጠየቅ ነውር ነው።

ጥናቱ ሲገለጥ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ወዲህ ነው። ሥራ አስኪያጁ አዲሱን ምርት አስቀድመው ወድደውታል። ስለዚህ መጠይቅ ይዘጋጃል። «ድንቁን ምርታችንን ምን ያህል ወደዱት?» ምርጫዎቹ፦ በጣም፣ እጅግ በጣም፣ ከመጠን በላይ። የሚሞሉት የድርጅቱ ሠራተኞች ናቸው፤ ያውም ስማቸውን ጽፈው። ውጤቱ መቶ በመቶ ይሆናል። ሥራ አስኪያጁም «እኔ እኮ ብዬ ነበር» ይላሉ።

የጥናት ዘዴ ማለት የመመረቂያ ጽሑፍ ምዕራፍ ሦስት ነው። ብዙ ተማሪ ከቀደመው ዓመት ተመራቂ ገልብጦ ርዕሱን ብቻ የሚቀይረው ምዕራፍ። ሥራ ዓለም ሲገባ ግን ገንዘብ የሚበላው ያው ያልተነበበው ምዕራፍ ሆኖ ይገኛል።

«ብዙ ሰው ጠይቀናል» ብሎ መኩራራትም አያድንም። በ1936 እ.ኤ.አ. ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን መጠይቅ በትኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ። በዚያ ዓመት የፕሬዚዳንት ምርጫ ተፎካካሪው ላንደን ሥልጣን ላይ የነበረውን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። አድራሻዎቹ በብዛት የተለቀሙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር። በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን እንደሆነ አስቡት። መልስ ያልላኩት ደግሞ ከላኩት ይበዙ ነበር።

የኮካ ኮላው ይብሳል። በ1985 እ.ኤ.አ. ጣዕሙን ከመቀየሩ በፊት ወደ 200 ሺህ ሰው አስቀምሷል። አብዛኛው አዲሱ ይሻላል አለ። ምን ጎደለ? ጥያቄው! ለቀማሾቹ «ይህን ከመረጣችሁ የድሮው ይጠፋል» ብሎ በግልጽ የነገራቸው አልነበረም። ደግሞ ጣፋጭ ነገር በአንድ ጉንጭ ሁሌም ደስ ይላል፤ ጠርሙሱን መጨረስ ሌላ ጉዳይ ነው። አዲሱ ገበያ በወጣ በ79 ቀኑ የድሮው ተመለሰ። ደንበኛው ስልክ እየደወለ ሲያማርር ነበር የከረመው። በነጻ፣ ያለ መጠይቅ።

እና ከሠራተኞች መካከል አንዷ ተነሥታ «ምን ውጤት ቢመጣ ተሳስተናል እንላለን?» ብላ ብትጠይቅስ? እኔ በበኩሌ ለዚህች ጥያቄ ብቻ ደመወዟን እጨምርላት ነበር። በተለመደው አሠራር ግን መጀመሪያ «አፍራሽ አመለካከት» ትባላለች። ቀጥሎ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋማል፤ እሷም ጸሐፊ ትደረጋለች። ሰብሳቢው መደምደሚያውን ጽፈው ስለጨረሱ፣ የሚቀራት መጠይቁን መበተን ብቻ ነው።