ለሳይክሏ አሥር ኪሎ ተዉላት

ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣው የራሱ አይደለም። ትኬት መቁረጡ ከተሰማ ጀምሮ ስልኩ እረፍት የለውም። «ትንሽ ኪሎ ይተርፍሃል?» የእማማ መድኃኒት አለ። የሠርግ ጫማ አለ። ለአክስት ልጅ የተገዛ ስልክ፣ ሽቶ፣ ሎሽን፣ ቸኮሌት አለ። ከአውሮፓ ወደ አዲስ አበባ በኢኮኖሚ ስንበር ብዙ ጊዜ የሚፈቀዱልን 23፣ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ናቸው። 46 ኪሎ ሲሰሙት ብዙ ነው። ለዘመድ ሲከፋፈል ግን በአንድ ምሽት ያልቃል።

ከዚህ ውስጥ አሥር ኪሎው ለልጅ ሳይክል እንዲሆን እከራከራለሁ። ሽቶው ይቅር። ቸኮሌቱም ይቅር። ሳይክሏ ትሂድ።

እህቴ መጀመሪያ አልተዋጠላትም ነበር። የምትኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። «ወንድሜ፣ ሳይክል ምን ያደርግለታል? ጃኬትና የትምህርት ቤት ጫማ ይሻለዋል። ደግሞ መኪና ቢገጨውስ?» አለችኝ በስልክ። ጃኬቱም መኪናውም ቀልድ አይደሉም፤ ወደ ሁለቱም እመለሳለሁ። ግን ጃኬትና ጫማ ሰው እንደምንም ብሎ ይገዛል፤ ግዴታ ነውና። ሳይክል ግዴታ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው አሠራር ሲለወጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ሳይክል ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና አስቤዛ ከሸፈነ በኋላ ለልጁ ሳይክል የሚተርፈው አባት ጥቂት ነው።

አሁን እኔ ያለሁበትን እዩት። ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። እዚህ ልጅ ሁለት ዓመት ሲያልፈው ፔዳል የሌላት ሳይክል ይገዛለታል። በእግሩ መሬቱን እየገፋ ይሄዳል፤ ሚዛን መጠበቅን ሳያውቀው ይለምዳል። የሳይክል ታሪክም የጀመረው እንደዚሁ ነው። ካርል ድራይስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1817 ማንሃይም ከተማ ላይ የነዳት ባለሁለት ጎማ የእንጨት መሣሪያ ፔዳል አልነበራትም፤ መሬቱን በእግሩ እየረገጠ ነው የሄደባት። ማንሃይም ከእኛ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም።

ከዚያ ልጁ ያድጋል። ባለ 12 ኢንች ጎማ፣ ባለ 14፣ ባለ 16፣ ባለ 20፣ ባለ 24 እያለ ይቀጥላል። አንዷ ሳይክል አንድ ሁለት ዓመት ታገለግልና ትጠበዋለች። የጠበበችው ምድር ቤት ትወርዳለች። የእኛ ሕንጻ ምድር ቤት ግድግዳው በልጅ ሳይክል ተሞልቷል። ደወላቸው ይሠራል፣ ቀለማቸው አልለቀቀም፣ ጎማቸው ብቻ ተንፍሷል። ባለቤቶቻቸው አሁን ጎረምሶች ናቸው። አንዳንዱ ሰው «ለወሰደ በነጻ» ብሎ ወረቀት ይለጥፍና ደጅ ያቆማታል። እንዲህ ያለች ሳይክል በማግስቱም ቆማ ሳያት ልቤ ቱሉ ዲምቱ ይሄዳል።

እዚህ ጀርመን ሕጉም አለ። ልጅ ስምንት ዓመት እስኪሞላው በእግረኛ መንገድ ላይ ነው መንዳት ያለበት። አራተኛ ክፍል ሲደርስ ፖሊስ ያስተምረዋል፤ ምልክት እንዴት እንደሚሰጥ፣ ቅድሚያ የማን እንደሆነ። ከዚያ ይፈተናል። ይህን ሥርዓት ከልቤ አከብራለሁ፤ ልጆቼም ተጠቅመውበታል።

የጎደለው ሌላ ነው። እዚህ ልጅ ሳይክል አለው፣ መንገድ አለው፣ ሄልሜት አለው፣ ከኋላው የሚከተል አባት አለው። ጓደኛ ግን በቀጠሮ ነው። ሁለት እናቶች ተጻጽፈው ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ይላሉ፤ ልጆቹ አንድ ሰዓት ተኩል ይነዳሉ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ። ቱሉ ዲምቱ ላይ ደግሞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ልጅ ከየብሎኩ ይፈልሳል። ማንም ማንንም አልቀጠረም። ከመካከላቸው ሳይክል ያለው ግን ስንት ነው? አንድ ወጣት ያረጁ ሳይክሎች አቁሞ በዙር ያከራያል። ብር ያገኘ ይነዳል፣ ያላገኘ ከኋላ ይሮጣል።

ለእህቴ ልጅ ያመጣኋት ባለ 16 ናት። በነጋታው የእሱ ብቻ መሆኗ ቀረ። ማንም ስብሰባ ሳይጠራ ሕግ ወጣ። አንድ ዙር ማለት ከጥበቃ ቤቱ ተነስቶ ብሎኩን ዞሮ በሮቶው በኩል መመለስ ነው። የወደቀ ዙሩ አይቆጠርበትም፤ ተነስቶ ይጨርሳል። ሄልሜቷም እንደ ሳይክሏ በተራ ትዞራለች። ረዳት ጎማዎቿን በመጀመሪያው ቀን ፈቷቸው፤ ሁለት ሕጻናት በሽቦ አስረው የራሳቸውን መኪና ሠሩባቸው። መንዳት የማይችለውን አንዱ ኮርቻውን ይዞ ይሮጥለታል፤ ሌላው ፊት ፊት እየሄደ «ወደ እኔ እያየህ! ወደ ታች አትይ!» ይለዋል። እኔ ፍራንክፈርት ላይ ልጄን ለብቻዬ ጎንበስ ብዬ ሳለማምድ ወገቤ ተቆርጧል። ቱሉ ዲምቱ ላይ ግን ሃያ አስተማሪ አለ። «ጋሼ፣ እሱ ሁለቴ ዞሯል! ተራው የኔ ነው!» የሚል ክስ ሲመጣብኝ ዳኝነቱን ለራሳቸው ተውኩላቸው። ከእኔ የተሻለ ይፈርዳሉ።

እንግዲህ እንዴት ትሂድ? ብዙ ሰው የሚፈራው ይህንን ነው።

በእጅ ሻንጣ የሚለውን እርሱት። ፔዳል የሌላት የሕጻን ሳይክል ሦስት አራት ኪሎ ብትመዝንም ቁመቷ አይፈቅድም። ለእጅ ሻንጣ የተለመደው ርዝመት 55 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የልጅ ጋሪ እስከ አውሮፕላኑ በር ይገፋል፤ ሳይክል ግን ጋሪ አይደለችም። ስለዚህ በጭነት ነው የምትሄደው።

በጭነት ደግሞ ዋናው ቁጥር 158 ነው። የሻንጣው ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ነው የተለመደው ደንብ። ሳይክል ቤቶች የአዲስ ሳይክል ካርቶን ይጥላሉ፤ ብትጠይቋቸው በደስታ ይሰጣሉ። የእኛዋ ባለ 16 የገባችበት ካርቶን 90 በ45 በ20 ነበር። ድምሩ 155። ልክ እንደ ሻንጣ ተቆጠረች። ባለ 20 ስትሆን የራሷ ካርቶን ከልኩ ያልፋል፤ ሁለቱንም ጎማ አውልቆ ትልቅ ሻንጣ ውስጥ መክተት ይቻላል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ።

አንዳንድ አየር መንገድ ግን ልኩንም አያይም፤ ሳይክል ከሆነች የሳይክል ክፍያ አለ ይላል። ስለዚህ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። አንድ ጊዜ መዝጋቢዋ «ይህ የስፖርት ዕቃ ነው፣ ይከፈልበታል» ብላኝ ነበር። የራሳቸው መሥሪያ ቤት የጻፈልኝን ኢሜይል አሳየኋት፤ አነበበችና አለፍኩ። ያ ወረቀት ባይኖር ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሁሉ እያየኝ ነበር የምከፍለው። ደግሞ አትርሱ፤ የራሱ ወንበር የተቆረጠለት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ኪሎም አለው።

አፈታቷ ቀላል ነው። ፔዳሎቹን አውጡ፤ የግራው በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚፈታ ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ታግሎ ጥርሱን ይበላዋል። መሪውን ፈትታችሁ ከጎን እሰሩት። ኮርቻውን እስከ ታች አውርዱ፣ የፊት ጎማውን አውልቁ። ብሎኖቹን በአንድ ላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ከብረቷ ጋር በቴፕ ለጥፉ፤ ካርቶኑ ጥግ ላይ የተበተነ ብሎን አዲስ አበባ ላይ አይገኝም። አየሩን ቀነስ አድርጉ፤ አየር መንገዶቹ ይፈልጉታል። በባትሪ የምትሄደውን የልጅ ሳይክል ግን ጨርሶ አታስቡ። ሊቲየም ባትሪ ከ160 ዋት ሰዓት ካለፈ የመንገደኛ አውሮፕላን አይጭነውም፤ ትንሹም ቢሆን የራሱ ፈቃድና ደንብ አለው።

የእህቴ ጃኬትስ? እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚገጥመው። ካርቶን ውስጥ ያለች ሳይክል መጠቅለያ ትፈልጋለች። ጃኬቱን በብረቷ ዙሪያ ጠመጠምኩት። ሹራቡን በጎማዎቹ መካከል ጎሰርኩ። የትምህርት ቤት ጫማው ኮርቻው ሥር ገባ። ሁሉም ተመዝኖ 17 ኪሎ ሆነ። ተጨማሪ ቴፕ በእጅ ሻንጣችሁ ያዙ፤ ጉምሩክ ላይ ክፈቱ ስትባሉ መልሳችሁ ታሽጉበታላችሁ።

ከማሸጉ በፊት ግን ምርጫው አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው። ሳይክሏ የምትመረጠው ለፍራንክፈርት ሳይሆን ለቱሉ ዲምቱ ነው። እዚያ ውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን ነው። ከኮብልስቶኑ ወጣ ካሉ ዋልካ አፈር ነው። የአውሮፓ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ደግሞ በእኛ ክረምት ነው፤ ስለዚህ ብዙዎቻችን ልጆች ይዘን የምንገባው ጭቃው በጀመረ ጊዜ ነው። ዋልካ በፓራፋንጎውና በጎማው መካከል ሲሰገሰግ ጎማው ቀጥ ይላል። እኔ ፓራፋንጎውን አውልቄ ጥያት ነው የሄድኩት። ጎማዋ ወፈር ያለ፣ አየር የሚሞላ ይሁን፤ ደረቅ ስፖንጁ አይፈነዳም፣ ኮብልስቶን ላይ ግን እጅ ያደነዝዛል። ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡ የሚይዝ ፍሬን ያላት ብትሆን ሽቦ ስለሌላት የሚበጠስ ነገር የለም።

ቫልቩ ደግሞ የመኪና ዓይነት ይሁን። ጀርመን የሚሸጡ ሳይክሎች ላይ ቀጫጭን ሌላ ዓይነት ቫልቮች አሉ፤ አስፋልቱ ዳር ያለው ጎሚስታ ኮምፕረሰሩ ለመኪና ነው፣ አይገጥምለትም። የእኛው ጎሚስታ ካላማዳሪውን ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የምትወጣበትን ቦታ በጣቱ ይይዝና በማስቲሽ ይለጥፋታል። ሥራውን ሳየው ጀርመን ካለው ሳይክል ቤት አላሳነስኩትም። ቀጭን ቫልቭ ይዞ ለመጣ ልጅ ግን ምንም ሊያደርግለት አይችልም። ሁለት ትርፍ ካላማዳሪ ብታስገቡ ክብደታቸው ከአንድ ሽቶ ጠርሙስ አይበልጥም።

መኪናው ቀረ። የእህቴ ፍርሃት እውነት ነው። በዳርቻው መንገድ አሸዋና ጠጠር የጫነ ሲኖ ሲወርድ አዋቂም ይሸሻል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» የተባለው ከመኪና ነጻ ቀን ሲጀመር መሐል ከተማ ላይ ልጆች አስፋልቱን ለጥቂት ሰዓታት ሲያገኙ አይተናል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህም በኮሪደር ልማቱ የሳይክል መስመር እየተሠራ ነው። ደስ ይላል። ግን ልጅ የሚበዛው ዳር ላይ ነው፤ መስመሩ እዚያ ሁሉ ገና አልደረሰም። ያለው የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ነው፤ እሱም በቆመ መኪና እየተሞላ ነው።

ጀርመን ውስጥ ልጅ ኳስ ሲጫወት የተሣለበት ሰማያዊ ምልክት አለ። እሱ ከተተከለበት ጀምሮ መኪና በእግረኛ ፍጥነት ነው የሚሄደው። የእህቴ ብሎክ ጥበቃ ያንን ምልክት አይተውት አያውቁም፤ ግን አሥር ሰዓት ሲሆን ሁለት ድንጋይ አንከባለው መግቢያው ላይ ያስቀምጣሉ። ሾፌር ሲመጣ ልጆቹን ዞር አድርገው፣ ድንጋዩን አንስተው ያስገቡታል። ማንም አላዘዛቸውም። የየብሎኩ ኮሚቴ ይህንን ወደ ደንብ ቢያመጣው ምን ይጎዳል? ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ግቢው የልጆች ይሁን። ወጪ የለበትም።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ተራ ከሚጠብቁት መካከል ሴቶቹ ጥቂት ነበሩ። ትንንሾቹ አሉ፤ አሥር ዓመት ገደማ የሆናቸው ግን ቆመው ያያሉ። አንዷ ተራዋ ደርሶ ሳይክሏን እንደያዘች እናቷ ከሦስተኛ ፎቅ «አንቺ! ግቢ!» ብላ ጠራቻት፤ ለወንድሟ ሰጥታው ወጣች። ፍራንክፈርት ላይ የእሷ እኩያ ብቻዋን ነድታ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ሳይክሏ የእሷ ብትሆን፣ ተራ ሰጪዋም እሷ ብትሆን፣ ነገሩ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር ብዬ አምናለሁ። እናቷን አነጋግሬያታለሁ፤ «አምጣላትና እናያለን» ብላኛለች። ምድር ቤታችን ያለችውን ባለ 20 ጎረቤቴን ጠይቄ ወስጃለሁ። ቫልቯ ቀጭን ስለሆነ ሁለቱንም ካላማዳሪ እቀይራለሁ። ለሚቀጥለው ክረምት ኪሎ የምትጠይቁኝ ዘመዶቼ፣ ከአንዱ ሻንጣ ላይ ቦታ እንደሌለኝ ከአሁኑ እወቁልኝ።