ስህተቱ የሚጀምረው እዚሁ ጅማ ነው

ባለፈው እሑድ ዘመዳችን ቤት ለቡና ተጠርተን ነበር። የቤቱ የበኩር ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ሊወጣ ነው። ኢስታንቡል ሄዶ ለሱቁ የሚሆን ልብስ ገዝቶ ሊመለስ፤ ሰባት ቀን። ቤቱ ሞልቷል። አጎቱም፣ አክስቱም፣ ጎረቤቱም ምክሩን ይዞ መጥቷል። አንዱ "ማንንም ሰው እንዳታምን" ይላል። ሌላው "ፓስፖርትህን ከጉያህ እንዳታወጣ" ይላል። ቀጥሎ ወረቀት ወጣ። የጫማ ቁጥር፣ ሽቶ፣ የመጋረጃ ጨርቅ፣ የሕፃን ልብስ፣ ለአንዷ ሙሽራ ደግሞ ቬሎ። አቦሉ ተጠጥቶ ሳያልቅ ገጹ ሞላ።

እኔ "እስቲ ቲኬትህን አሳየኝ" አልኩት። መነሻው ረቡዕ 00:40 ይላል። "ከጅማ መቼ ነው የምትወጣው?" ስለው "ረቡዕ በጠዋቱ አውቶቡስ፤ ማታ ቦሌ ነኝ ጋሼ" አለኝ።

ያኔ አውሮፕላኑ ሄዷል። በፈረንጆች አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እኛ ግን ሌሊቱን ከመሸው ቀን ጋር ነው የምንቆጥረው። ረቡዕ 00:40 ማለት፣ እኛ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 6፡40 የምንለው ነው። ልጁ ማክሰኞ ማታ ቦሌ መገኘት አለበት። ያ ሁሉ መካሪ ተሰብስቦ ቲኬቱን ያየለት አልነበረም።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ለዚህ ነው። ትልቅ የውጭ ከተማ ሄዶ ስለተቸገረ ሰው ስናወራ ጥፋቱን ከተማው ላይ እናላክካለን። ሌባው፣ ታክሲው፣ ደላላው እንላለን። አብዛኛው ስህተት ግን እዚሁ ጅማ ተሠርቶ ከተጓዡ ጋር ይሳፈራል። ተጓዡን የምንመክረው እንዲፈራና እንዲገዛ ነው። እንዲያነብና እንዲጠይቅ አንመክረውም።

የሰዓቱን ነገር ትንሽ ላርዝመው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በሱ ነውና። ቱርክ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰዓቷን በበጋና በክረምት መቀያየር ትታለች። ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር እኩል ናት። የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ልዩነት የለም ብለን እንዘናጋለን፤ አጠራሩ ግን በስድስት ሰዓት ይራራቃል። "ነገ 3 ሰዓት እንገናኝ" ያለህ የኢስታንቡል ነጋዴ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለቱ ነው። ስልክህን ስጠውና 15:00 ብሎ ይጻፍልህ። ቀኑም እንደዚያው ነው። መስከረም 5 እና ሴፕቴምበር 5 በአሥር ቀን ይለያያሉ። በዚህ ምክንያት ሆቴል ደርሰው "ስምዎ የለም" የተባሉ ሰዎች አውቃለሁ።

የጅማ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለው። ከዚህ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በረራው ማታ ነው ብሎ በዚያው ቀን ጠዋት ከጅማ የሚነሳ ሞልቷል። ጊቤ ላይ አንድ የጭነት መኪና መንገድ ቢዘጋ ጉዞው አበቃ። አንድ ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ ማደር ከቲኬት ቅጣት ይረክሳል።

ኢስታንቡል ሁለት ትልልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች አሏት። አንዱ በአውሮፓ በኩል ነው። ሌላው፣ ሳቢሃ ጎክቼን የሚባለው፣ በእስያ በኩል። ርካሽ ሆኖ ስላገኘው ቀጣዩን በረራ ከሁለተኛው የሚቆርጥ ሰው አለ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ተሻግሬ እደርሳለሁ ይላል። ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርባት፣ ባሕር መሐሏን የሚከፍላት ከተማ ናት። ግማሽ ቀን ያዝላት። ጓንግዡ ለሚሄድ ነጋዴ ጉዱ ሌላ ነው፦ ቻይና ውስጥ ጉግልም ቴሌግራምም ዝግ ናቸው። የሆቴሉን አድራሻ በቻይንኛ በወረቀት ሳይዝ የሚሄድ ሰው ታክሲ ውስጥ ገብቶ አፍ የሌለው ይሆናል። ዱባይ ደግሞ ሜትሮ ውስጥ መብላትና መጠጣት 100 ድርሃም ያስቀጣል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እኔም ኢስታንቡል ስሄድ የተሰጠኝ ምክር "ማንንም አትመን" የሚል ነበር። በሁለተኛው ቀን መንገድ ጠፋኝ። ሰው መጠየቅ ፈራሁ፤ ትንሽም አፈርኩ። የማውቅ ለመምሰል ፈጠን ፈጠን እያልኩ ከአንድ ሰዓት በላይ ተንከራተትኩ። በዚህ መሐል ከፊቴ የሚሄድ አንድ ሊስትሮ ብሩሹ ወደቀበት። አላየም። አንስቼ ጠርቼ ሰጠሁት። ምስጋናው በዛ፤ ጫማህን ካልጠረግሁልህ አለ። በዚያ ሁሉ ብቸኝነት ውስጥ አንድ ደግ ሰው አገኘሁ ብዬ ልቤ ሞላ። ሲጨርስ ግን ደህና እራት የሚያበላ ገንዘብ ጠየቀኝ። ተከራክሬ ግማሹን ከፈልኩ። በኋላ ስሰማ ብሩሹ ሆን ተብሎ ነው የሚጣለው፤ በከተማው የታወቀ ዘዴ ነው።

ከዚያ ተበሳጭቼ አንድ ግድግዳ ጥግ ቆምኩ። ዳቦ የያዙ ሽማግሌ ነበሩ። የሆቴሌን ካርድ አሳየኋቸው። አንድም የጋራ ቋንቋ የለንም። ክንዴን ይዘው ትራሙ ፌርማታ ድረስ ወሰዱኝ። የምወርድበትንም በጣታቸው ቆጥረው አሳዩኝ፤ አራተኛው። ሳመሰግናቸው ደረታቸውን በእጃቸው ነክተው ሄዱ።

እንግዲህ ለልጁ የነገርኩት ይህንን ነው። ራሱ መጥቶ የሚጠራህንና አንተ መርጠህ የምትጠይቀውን ለይ። ለመጀመሪያው ዋጋውን አስቀድመህ ጠይቅ፤ "ነ ካዳር" ማለት "ስንት ነው" ማለት ነው። ሁለተኛውን ግን አትፍራው። ባለሱቅ፣ እናት ከልጇ ጋር፣ ዳቦ የያዘ ሰው ጠይቅ። ለአገሩ እንግዳ፣ ለሰዉ ባዳ መሆን አያሳፍርም። ጅማ ላይ አንድ እንግዳ "ፈረንጅ አራዳ በየት በኩል ነው?" ቢለን ቆመን እናሳየው የለ?

የዝርዝሩ ነገር ግን አሁንም ያንገበግበኛል። እኔ ስድስት ቀን ስቆይ አራቱ ላሌሊ በሚባለው የልብስ ገበያ ሰፈር አለቁ። የራሴን አልነበረም የምገዛው፤ የሰው አደራ ነው። የጫማው ቁጥር ሲጠፋ ሌላ ሱቅ፣ ቀለሙ ሲለይ ፎቶ ልኮ መልስ መጠበቅ። በዚያው ሰፈር የሚያልፈው ትራም፣ በ537 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ቤተ ክርስቲያን ሆና የተሠራችውን፣ አሁን መስጊድ የሆነችውን አያ ሶፊያን አልፎ ይሄዳል። ፌስታል ታቅፌ በመስኮት አየኋት። አንድ ቀን አገኘሁ ብዬ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ብሄድ ማክሰኞ ነበር፤ ማክሰኞ ዝግ ነው። ትልቁ ጥንታዊ ገበያም እሑድ አይከፈትም። ማን ይንገረኝ? ጅማ ላይ የሰጡኝ ወረቀት የሽቶ ስም ነው የተጻፈበት።

መጨረሻው ቀን ላይ ሻንጣዬ አንድ ነገር ተጨማሪ አልይዝ አለ። ስለዚህ ነጻ ወጣሁ። ኤሚኖኑ ከሚባለው ወደብ በመርከብ ወደ እስያው ዳር፣ ወደ ካዲኮይ ተሻገርኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ ክፍያው እንደ ከተማ አውቶቡስ በካርድ ነው። ካዲኮይ አንድ ቡና ቤት ተቀመጥኩ። ቡና ከእኛ አገር ተነስቶ፣ በየመን አልፎ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው ያ ከተማ የገባው። ስኒዋ ትንሽ ናት፤ አተላው ከታች ይቀራል። አንድ የጅማ ሰው ያንን ቡና ተቀምጦ ለመጠጣት ስድስተኛውን ቀን መጠበቅ አልነበረበትም።

እኛ ጋ የሚመጣውንም እንግዳ አያለሁ። ጅሬን ወጥቶ በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በር ላይ ፎቶ ይነሳል። የባጃጁ ሞተር ሳይጠፋ ይመለሳል። በማግስቱ ሐሙስ፣ ገበያው ቀን፣ ጅማን ለቆ ይሄዳል። አስጎብኚው "በቃ አየህ" ስላለው ነው። እሱንም ቢሆን የሸኙት ሰዎች አልነገሩትም።

ቡናው በረካው ላይ ሲደርስ ያንን ወረቀት ገለበጥኩት። በጀርባው "ማክሰኞ ማታ ቦሌ" ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ከሥሩ የሆቴሉን አድራሻ በቱርክኛ ከስልኩ ገለበጥንለት። ከዚያ ቀኖቹን ተራ በተራ አሰመርን። አንዱን ቀን ባዶ ተውኩት። አክስቱ "እዚህ ላይ ምን ሊያደርግ ነው?" አለችኝ። ምንም አልኳት። ትንሽ አሰበችና እስክሪብቶውን ተቀብላኝ ወረቀቱን ገለበጠች። የመጋረጃ ጨርቁን ሰረዘችው።