ካርታው መች በላኝ፣ ሳይቱ እንጂ

ኦንላይን ፖከር ከምጫወትበት ሳይት ብሬን ላውጣ ካልኩ ዛሬ 31ኛ ቀኑ። ፔንዲንግ ይላል፣ ማለትም ጠብቅ። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ከፍቼ አያለሁ ፔንዲንግ፣ ማታ ልተኛ ስል አያለሁ ፔንዲንግ። 680 ዶላር ነው። ላንዳንዱ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ለኔ ግን ስምንት ወር ሙሉ የሳንቲም ጠረጴዛ ላይ እንደ ጉንዳን ስለቅም የከረምኩበት ነው፣ እና ዛሬ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ፣ ረጅም ነው፣ ያልፈለገ ይለፈኝ።

"ቁማርተኛ ደሞ ምን አባቱ ያለቅሳል" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እሺ፣ ቁማር ነው፣ አልካድኩም። ካርታ ላይ ተበልቼ ቢሆን አፌን ዘግቼ እቀመጥ ነበር፣ ስንቴ ተበልቼ ዝም ብያለሁ። ያንገበገበኝ እኮ ጠረጴዛው ላይ በልቼ ወጥቼ ካሸሩ፣ ማለትም ሳይቱ ብር የሚከፍልበት ገጽ፣ ጋ ስደርስ መበላቴ ነው።

ባንክሮል ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ለፖከር ብቻ ብለህ የለየኸው፣ ነገ ሙልጭ ብሎ ቢጠፋ ኑሮህን የማይነካ ብር ማለት ነው። ህጉ ቀላል ነው፣ መከራው ማክበሩ ላይ ነው። አንድ ባይ ኢን፣ ማለትም ጠረጴዛ ላይ ይዘህ የምትቀመጠው ብር፣ ብዙ ጊዜ 100 ቢግ ብላይንድ (በየዙሩ በግዴታ የሚመደበው ትልቁ መደብ) ነው፣ ካሽ ጌም (ስትፈልግ ብርህን ይዘህ የምትነሳበት) ከሆነ ለምትጫወትበት ደረጃ ቢያንስ 20፣ ጠንቀቅ ካልክ 30 ባይ ኢን ይኑርህ ይላሉ፣ ቶርናመንት ከሆነ ደሞ 100ም አይበዛም ምክንያቱም እዛ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጅህን ነው የምትወጣው። እኔ የ30 ሰው ነኝ። 10 ሳንቲም ብላይንድ ላይ የገባሁት 300 ዶላር ስሞላ ነው፣ ወደ 25 ሳንቲም ለመውጣት 750 ያስፈልገኛል፣ 740 ደርሼ እንኳን አልዘለልኩም። አስር ዶላር ጎድሎኝ ማለት ነው! እንደዛ ነበር እራሴን ጠፍሬ የያዝኩት።

ለምን ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ካላችሁ፣ ካርታ አያምንህማ። ጥንድ ኤስ ይዘህ ከጥንድ ኪንግ ጋር ካርታ ሳይወርድ ኦል ኢን (ያለህን ሁሉ አስይዘህ) ብትገባ የማሸነፍ እድልህ 82 በመቶ ገደማ ነው፣ በጣም ደስ ይላል፣ ግን ከአምስት ወይ ከስድስት አንዴ ትበላለህ ማለትም ነው፣ እና ያቺ አንዴ በአንድ ማታ ሶስቴ ተከታትላ ልትመጣ ትችላለች። በ100 እጅ (እጅ ማለት አንድ ዙር ካርታ ነው) 5 ብላይንድ የሚያተርፍ፣ ማለትም በጣም ደህና የሚባል ተጫዋች፣ 10 ሺህ እጅ ተጫውቶ ሲያበቃ እንኳ ከአስር ሶስት ጊዜ ገደማ ኪሳራ ላይ ሊገኝ ይችላል። ጎበዝ ሆኖ! ምንም ሳያጠፋ! ስለዚ ባንክሮል ለመጥፎ ቀን ተብሎ የሚቀመጥ ነው፣ እኔም አስቀመጥኩ። የት? ሳይቱ ላይ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷን የማላይ ሲባል ያቺ ላም ለካ የኔ ናት።

ነገሩ የጀመረው ኮምፒውተሬ ሲበላሽ ነው። ላሰራ ብዬ ከ740ው ላይ 200 ብቻ ዊዝድሮ ጠየቅኩ። ስምንት ወር ሙሉ አንዴም አውጥቼ አላውቅም ነበር፣ ይሄ የራሴ ጥፋት ነው፣ አምኛለሁ፣ ሂደቱን በ20 ዶላር መሞከር እችል ነበር። ዴፖዚት ሳደርግ እኮ ስምንት ሰከንድ አልፈጀም፣ ማን ነህ ያለኝም የለም። ላውጣ ስል ግን ድንገት ማንነቴ በጣም አሳሰባቸው። መታወቂያ ላክ አሉ፣ ላክሁ። ጥጉ ተቆርጧል አሉ፣ ጥጉን ይዤ ላክሁ። መታወቂያውን ፊትህ አጠገብ ይዘህ ሰልፊ ተነሳ አሉ፣ እንደ ተፈላጊ ወንጀለኛ ይዤ ተነሳሁ። የአድራሻ ማስረጃ አሉ። ላክሁ። ከሶስት ወር በላይ የቆየ ነው አሉ፣ አዲስ ላክሁ። ከዛ ዝም። ቲኬት ስከፍት፣ ማለትም ለሳፖርቱ አቤት ስል፣ "ውድ ደንበኛችን ትዕግስትዎን እናደንቃለን" የሚል መልስ ይመጣል፣ ቃል በቃል አንድ አይነት፣ የነጠላ ሰረዟ ቦታ እንኳን አትቀየርም፣ እኔ ትዕግስቴ ይደነቅልኝ አላልኩም እኮ።

ማንነት ማጣራቱ በራሱ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም፣ ደህና የሚባሉትም ይጠይቃሉ፣ ግዴታቸውም ነው። ግን ስገባ ያልጠየቅከኝን ስወጣ ብቻ የምትጠይቀኝ ከሆነ በሩን ነው የምትጠብቀው፣ እኔን አይደለም።

በ9ኛው ቀን ሆዴ ፈራ፣ በቃ ሁሉንም 740ውን ጠየቅኩ። አሁን ደሞ አንድ የማፍርበትን ነገር ልንገራችሁ። ከፔንዲንጓ ጎን ሰርዝ የምትል በተን አለች፣ ትልቅ፣ አረንጓዴ። ሰርዝ ብትላት ብሩ በአንድ ሰከንድ ተመልሶ መጫወቻህ ላይ ይገባል። ሲመለስ አንድ ሰከንድ፣ ሲወጣ አንድ ወር፣ ይሄን የሰራው ሰው ሰውን ጠንቅቆ ያውቃል። በ12ኛው ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተበሳጭቼ ነካኋት። ስምንት ወር ያልነካሁት 25 ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ገብቼ ቁጭ አልኩ፣ ቲልት የሚባለው እሱ ነው፣ ብስጭት ካርታ ሲጫወት ማለት ነው፣ ባንድ ሰዓት 60 ዶላር በላሁት። ማለቴ ተበላሁት። የቀረውን 680 እንደገና ስጠይቅ ተራህ ከዛሬ ይቆጠራል አሉኝ። ህጌን ያፈረሰው ካርታ አልነበረም፣ ያቺ አረንጓዴ በተን ናት።

ከዛ እንቅልፍ ሲያጣኝ ማንበብ ጀመርኩ፣ ባላነብ ይሻለኝ ነበር። ክሪስ ፈርጉሰን የሚባል አለ፣ የ2000 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የዓለም የፖከር ሻምፒዮን፣ ያ ፀጉሩ ረዥም ፂማሙ። ባንክሮል ሲባል ስሙ የማይነሳበት ቦታ የለም፣ ከዜሮ ተነስቶ ምንም ሳያስገባ 10 ሺህ ዶላር ያደረሰ ሰው ነው። ህጎቹን በቃሌ ነው የማውቃቸው፦ ካሽ ጌም ላይ ካለህ ከ5 በመቶ በላይ ይዘህ አትቀመጥ፣ ቶርናመንት ላይ ከ2 በመቶ በላይ አታውጣ፣ ጠረጴዛ ላይ ያለህ ካጠቃላዩ 10 በመቶ ካለፈ ተነስ። አይገርምም? ይሄን ያደረገው ፉል ቲልት ላይ ነው፣ እሱ ራሱ ከባለቤቶቹ አንዱ የሆነበት ሳይት።

እና 2011 ኤፕሪል 15 ላይ የአሜሪካ አቃቤ ህግ ትልልቆቹን የፖከር ሳይቶች ከሰሰ፣ ቆማሪው ጥቁሩ አርብ ይለዋል። ሲጣራ ፉል ቲልት ለተጫዋቾች ያለበት 390 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ባንክ ያለው 60 ሚሊዮን ገደማ። ከመቶ አስራ አምስት! እኔ ሚስኪኑ ከ5 በመቶ ካለፍኩ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ህጉን ያስተማሩን ሰዎች ቤት ግን ካዝናው ባዶ። አቃቤ ህግ ፖንዚ ነው፣ ማለትም ያዲሱን ሰው ብር ለቀድሞው እየከፈሉ ማጭበርበር ነው፣ ብሎ ሲከስ ፈርጉሰንንም ጨመረበት፣ እሱ ጥፋት ሳያምን በስምምነት ጨረሰ፣ 2018 ላይ ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። በጣም የገረመኝ ግን የ130 ሚሊዮኗ ነገር ናት፣ ሰው ዴፖዚት ሲያደርግ ከባንኩ ሳይሰበስቡ ቁጥሩን ብቻ አካውንቱ ላይ ይጽፉለት ነበር። ሰዎች በሌለ ብር ተጫወቱ፣ በሌለ ብር ተበላሉ፣ አሸናፊው ያሸነፈው ቁጥር ነው።

የፉል ቲልት ተጫዋቾች መጨረሻ ላይ አግኝተዋል፣ ተፎካካሪያቸው ፖከርስታርስ ከመንግስት ጋር ተስማምቶ ገዛውና ከአሜሪካ ውጪ ያሉት 2012 ኖቬምበር ላይ ብራቸውን አዩ፣ አሜሪካኖቹ ግን መከፈል የጀመሩት 2014 ነው። የአብሶሉት ፖከር፣ የሌላው የተከሰሰ ሳይት፣ ሰዎችማ እስከ 2017 ጠበቁ። ያ ሳይት ደሞ ከዛ በፊት 2007 ላይ የሌላውን የተደፋ ካርታ የሚያይ አካውንት ከውስጥ የተገኘበት ነው፣ ወገኑ አልቲሜት ቤትም በአመቱ እንደዛው። አንተ ቁጭ ብለህ ፐርሰንት ታሰላለህ ሰውየው ካርታህን እያየ ይስቃል። ሎክ ፖከር ደሞ 2015 ላይ የሰው ብር እንደያዘ ድርግም፣ በቃ።

የኔ ሳይት ከነዚህ ጋር ሲተያይ ትንኝ ነው። ስሙን አልጠራም፣ አካውንቴን ይዘጉብኛል ብዬ እፈራለሁ፣ አደራ በላን ፈርቶ ዝም ማለት ማለት ይሄ ነው። ከገጹ ግርጌ ላይሰንስ አለው ብዬ ነበር የገባሁት። ይሄን ሁሉ ያነበብኩ ቀን ነካሁት፣ ሊንክ አይደለም፣ ስእል ነው። ስእል! ላይሰንሱ እውነት ቢሆን ራሱ ብሩ ተለይቶ ተቀምጧል ማለት እንዳልሆነ የገባኝም አሁን ነው። እንግሊዝ አገር ተቆጣጣሪው ሳይቶቹን ብንከስር ብራችሁ ምን ያህል ይጠበቃል የሚለውን ለደንበኛ እንዲነግሩ ያስገድዳል፣ ሶስት ደረጃ አለው፣ አንደኛው ምንም ጥበቃ የለውም የሚል ነው። ህጋዊ ሆኖ ጥበቃ የሌለው። ቢያንስ ግን ይነግሩሃል።

እና ስምንት ወር ሙሉ ሳሰላ የነበረው ሂሳብ ውስጥ አንዲት ቁጥር አልነበረችም፦ ሳይቱ የመጥፋት እድል። ጥንድ ኤስ ስንት በመቶ እንደሚያሸንፍ በእንቅልፌ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ፣ ብሬን የያዘው ማን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። አሁን ብሩ እጄ ቢገባም ባይገባም፣ ሳይት ላይ ያለ ብር ለማላውቀው ሰው ያለወለድ ያበደርኩት ነው፣ ስለዚ ከእንግዲህ (እንግዲህ የሚባል ነገር ካለ) አስር ባይ ኢን ብቻ እዛ፣ ሌላው ውጪ፣ ሁለተኛ ዴፖዚት ደሞ የመጀመሪያው ዊዝድሮ እጄ ሳይገባ የለም። ቦነስ የሚባል ነገር ደሞ አልፈልግም፣ ይሄን ያህል ሬክ (ሳይቱ ከየመደቡ የሚቆርጠው ድርሻ) ካልከፈልክ ብርህን አታወጣም የሚል አንቀጽ ውስጡ ተቀብሮ እንደነበር ሳፖርቱ ነው በ20ኛው ቀን ያስታወሰኝ።

ትናንት ሌላ ቦታ ላይ፣ የሳይቱን ስም ሳልጠራ፣ ብሬ ተይዟል ብዬ ሁለት መስመር ጽፌ ነበር። እስከ ማታ ሁለት ሰው ኢንቦክስ መጣልኝ። አንደኛው ብርህን አስመልስልሃለሁ 50 ዶላር ቅድሚያ ላክ አለኝ፣ ይሄ የታወቀ ነው፣ የተበላን ሰው ደግሞ የሚበሉ አሉ፣ ብሎክ አደረግኩት። ሁለተኛው ምንም ብር አልጠየቀኝም። "680ው ይመጣል፣ ጽሁፉን ብታነሳው ይፈጥናል" ነው ያለኝ። ስንት እንደሆነ ግን እኔ የትም አልጻፍኩም ነበር።