ለማየት ብቻ መሄድ፦ አላስካ በደሞዝተኛ አቅም

የኛ ሰው እዚህ ውጭ ሀገር ፈቃድ ወጣ ከተባለ ሀገር ቤት ሄደ ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ ደብል ሽፍት ይሠራል፣ ሻንጣውን በጫማና በመድኃኒት ይሞላል፣ ቦሌ ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ለቅሶ መድረስ ነው፣ የታመመ መጠየቅ ነው፣ ሠርግ ነው፣ የጅምር ቤት ጣጣ ነው፤ ሲመለስ ከሄደበት ቀን የበለጠ ደክሞት ነው። ይሄን ለመንቀፍ አልጻፍኩም። ዘመድ መጠየቅ ወጋችን ነው፣ ይቅር የሚል የለም። ግን ዕረፍት አይባልም።

አብሬያቸው የሠራሁ አሜሪካውያን እንዲህ አይደሉም። ሀብታሞቹን ማለቴ አይደለም። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዳው ሰውዬ፣ ገና በጥር ቁጭ ብለው የመስከረምን ጉዞ ያቅዳሉ። ከአፋቸው የማይጠፋው ደግሞ አላስካ፣ የአሜሪካ ሰሜናዊት ግዛት ነው። በመርከብ፣ ለሰባት ሌሊት፣ በረዶና ዓሣ ነባሪ ለማየት። ለማየት ብቻ!

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አሠሪው ለሠራተኛው የዓመት ፈቃድ ከነደሞዙ እንዲሰጥ አያስገድድም። ጨርሶ። የኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። በወረቀት ደረጃ የሀገር ቤቱ ሠራተኛ ይሻላል። በተግባር ግን እዚህ ያለው ከአሠሪው ለምኖ ያገኛትን አንድ ሳምንት ዓለም ያይባታል፣ እዚያ ያለው ደግሞ 16 ቀኑን ጉዳይ ሲያስፈጽምና ቤት ሲያስጠግን ይጨርሰዋል። ተነስቶ ለማየት ብቻ መሄድ የፈረንጅ ሥራ ሆኖ ቀረ። እኛም እዚህ መጥተን ያንኑ ይዘን ነው የምንኖረው። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

አላስካን ምሳሌ የማደርጋት ሰው እንደሚያስበው ውድ ስላልሆነች ነው። (አውሮፓ ያላችሁ ኖርዌይ ትቀርባችኋለች፣ የሒሳቡ አካሄድ ብዙም አይለይም።) ግን ማስታወቂያው ላይ ያለውን ዋጋ አትመኑ። እሱ ለአንድ ሰው ነው፣ ያውም ሁለት ሰው አንድ ክፍል ሲጋራ። ብቻውን የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው ያህል ይከፍላል። ወቅቱን ከመረጣችሁ መስኮት የሌለው ክፍል ለሰባት ሌሊት ከ500 እስከ 800 ዶላር ባለው ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገኛል። በዚያ ላይ ታክስና የወደብ ክፍያ አለ፣ እሱ ብቻውን ከ200 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ጉርሻ በሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ይቆረጣል። ምግቡ ዋጋው ውስጥ አለ፣ ጠዋት ማታ ቡፌ ነው። ለስላሳ፣ አልኮልና ኢንተርኔት ግን ለብቻ ነው። እነዚህን ሁሉ ደምራችሁ ነው አንዱን መርከብ ከሌላው ማወዳደር ያለባችሁ፣ አለዚያ ርካሽ ያላችሁት ውድ ሆኖ ይገኛል።

ስለ ጉርሻው አንድ ነገር ልበል። አንዳንድ ሰው መርከቡ ላይ ወጥቶ መስተንግዶ ክፍል ይሄድና ያስሰርዘዋል። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። አልጋችሁን የሚያነጥፉት፣ ሳህናችሁን የሚያነሱት አብዛኞቹ ፊሊፒኖች፣ ኢንዶኔዥያውያንና ሕንዶች ናቸው። ወራት የሚፈጅ ኮንትራት ፈርመው፣ በሳምንት ሰባቱንም ቀን እየሠሩ፣ ገንዘቡን ለቤተሰብ ይልካሉ። ልጁን ለእናቱ ትቶ አረብ ሀገር የሄደ ሰው የሌለበት የኛ ቤት የትኛው ነው? ዶላር ልኮ ማደር ምን እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች ነን። ሌላው ቢቆጥብ ከዚያ ላይ አይቆጥብ።

መስኮት የሌለው ክፍል ስል ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። "ለማየት ሄጄ መስኮት የሌለው ክፍል?" ይላል። አላስካ ላይ ደግሞ ትክክለኛው ምርጫ እሱ ነው። በረንዳ ያለው ክፍል አንድ ጎን ብቻ ያሳያችኋል። በረዶው ጋ ሲደረስ ሀብታሙም ደሃውም ላይኛው ወለል ላይ ወጥቶ እኩል ነው የሚቆመው፣ ካፒቴኑም ሁለቱም ጎን እንዲያይ መርከቡን ቀስ አድርጎ ያዞረዋል። ክፍሉ መኝታ ብቻ ነው። የተረፈውን ጋቢና ወፍራም ካልሲ ግዙበት። ጋቢ ስል ከልቤ ነው። በጋ ነው ቢባልም የበረዶው ግግር አጠገብ ያለው ንፋስ የሐምሌን ደብረ ብርሃን የሚያስመኝ ነው፣ ጋቢ የለበሰ ሰው ብቻ ነው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይገባ ቆሞ የሚያየው።

ወቅቱ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። ጁላይና ኦገስት ውድ ናቸው፣ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ። ርካሾቹ ሜይና ሴፕቴምበር ናቸው። ሜይ በዚያ አካባቢ ዝናብ ከሚቀንስባቸው ወራት አንዱ ነው። ለኛ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፦ ብዙውን ጊዜ በዓለ ሃምሳ ላይ ይውላል፣ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ኦገስት የሚሄድ ጿሚ ፍልሰታን መርከብ ላይ ነው የሚያሳልፈው፣ ሩዝና አትክልት ባይጠፋም ይከብዳል። ሐላል ለሚፈልግ ቀድሞ ለኩባንያው መጻፍ ነው። ሴፕቴምበር እንቁጣጣሽ አለ፣ ልጆች ግን ትምህርት ላይ ናቸው፣ ዝናቡም ይበረታል። ኬቺካን የምትባለው ከተማ በዓመት ከ3,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድባት ናት፣ ዣንጥላ ሳይሆን የዝናብ ጃኬት ነው የሚያዋጣው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ማንም የማይነግራችሁ። ወረቀት።

ከሲያትል የሚነሳው መርከብ በመንገዱ ካናዳ ይቆማል፣ አብዛኛውን ጊዜ ቪክቶሪያ፣ ያውም ማታ ለጥቂት ሰዓት። ምክንያቱ በፈረንጆቹ 1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። ውጭ ሀገር የተመዘገበ መርከብ ሌላ ሀገር ሳይረግጥ ከአሜሪካ ወደብ ተሳፋሪ ጭኖ አሜሪካ ወደብ ማራገፍ አይችልም ይላል። ትልልቆቹ መርከቦች ደግሞ የተመዘገቡት ባሃማስ፣ ፓናማ፣ ቤርሙዳ ነው። ስለዚህ እናንተ ከመርከቡ ባትወርዱ እንኳ ካናዳ ገብታችኋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርቱን ከግሪን ካርዱ ጋር ከያዘ የካናዳ ቪዛ አይጠየቅም። ልጆቿን ልትጠይቅ በጎብኚ ቪዛ የመጣች እናት ግን የካናዳ ቪዛ ያስፈልጋታል። የአሜሪካ ቪዛዋም ለመመለስ የሚያስገባ መሆን አለበት። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ በጭራሽ እንዳይሳፈር። አስቀድሞ የጉዞ ፈቃድ ሳያገኝ ከአሜሪካ ከወጣ ጥያቄውን እንደተወ ይቆጠርበታል። አንድ ሳምንት ለመዝናናት ተብሎ ስንት ዓመት የተጠበቀ ጉዳይ ይበላሻል። ጠበቃችሁን ሳትጠይቁ ምንም አትክፈሉ።

እንዲህ ላለ ሰው አላስካ ተዘጋች ማለት ግን አይደለም። ከሲያትል ወደ አላስካዋ ጁኖ በአውሮፕላን የሀገር ውስጥ በረራ ነው። የአላስካ መንግሥት ራሱ የሚያስተዳድረው የጀልባ መስመርም አለ፣ ከ1963 ጀምሮ የሚሠራ፣ ከሲያትል በስተሰሜን ካለችው ቤሊንግሃም ይነሳል። እሱ ሕዝብ ማመላለሻ ነው። ቡፌ የለ፣ ትርዒት የለ። ሰው ክፍል ሳይከራይ ወለሉ ላይ በመኝታ ከረጢት ይተኛል፣ አንዳንዱ ድንኳን ይተክላል፣ ተራራውን ግን ልክ እንደ ትልቁ መርከብ ያያል።

መርከብ ስትመርጡ የሚቆምባቸውን ቦታዎች አንብቡ እንጂ የመርከቡን ውበት አትዩ። "አላስካ" ያለ ሁሉ ግሌሸር ቤይ የሚባለው፣ የበረዶ ግግር ያለበት ብሔራዊ ፓርክ አይገባም። ፓርኩ በቀን ከሁለት በላይ ትልልቅ የሽርሽር መርከብ አያስገባም። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ኢንዲኮት አርም ወደሚባል ሌላ የበረዶ ወሽመጥ ነው የሚወስዱት፣ እሱም ያምራል፣ ግን አውቃችሁ ግቡ። ከካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ የሚነሱት በደሴቶቹ መሃል ያልፋሉ፣ ውሃው ረጋ ያለ ነው። ከሲያትል የሚነሱት ብዙዎቹ በሰፊው ውቅያኖስ በኩል ስለሚሄዱ የሚያቅለሸልሸው ሰው መድኃኒት ይያዝ። ወደብ ላይ መርከቡ የሚሸጠውን ጉብኝት ሁሉ መግዛት የለባችሁም። ጁኖ የግዛቲቱ ዋና ከተማ ሆና ከሌላ ከተማ የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የላትም፣ ሜንደንሆል የሚባለው የበረዶ ግግር ግን ከመሃል ከተማዋ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በከተማ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ የቀረውን በእግር ሄዶ የሚደርስ ሰው አለ። በሄሊኮፕተር የሚወጣው ብዙ መቶ ዶላር ይከፍላል።

በረዶው ምን ይመስላል ለምትሉኝ፣ ሰማያዊ ነው። ነጭ ነው ብሎ የሚሄድ ሰው ሲያይ ይደነግጣል። ክብደቱ ጨምቆት ውስጡ ያለው አየር ስለሚወጣ ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ ሰማያዊው ይቀራል። ከግድግዳው ላይ የፎቅ ቤት የሚያህል ነገር ተገምሶ ሲወድቅ መጀመሪያ ታያላችሁ፣ ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚደርሳችሁ፣ እንደ ነጎድጓድ። ግሌሸር ቤይ በ1794 የእንግሊዙ ካፒቴን ቫንኩቨር ሰዎች ሲያዩት ከሞላ ጎደል በበረዶ የተሞላ ነበር። አሁን በረዶው ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሸሽቷል። "ልጆች ከተመረቁ በኋላ እንሄዳለን" የምትሉ ይሄን አስቡበት።

አሁን ወደ ሀገር ቤት ልመለስ፣ ነገሩ እዚያ ስለሆነ የሚቆጨኝ። ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 1978 የዓለም ቅርስ መዝገቡን ሲከፍት 12 ቦታ ብቻ ነበር የጻፈው። ሁለቱ የኛ ናቸው፣ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች። ላሊበላን የኛ ሰው ያውቀዋል፣ በእምነቱ ስለሚሄድ። ሰሜን ተራሮችን ግን ጠይቁ እስቲ፣ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ስንቱ አይቶታል? ጭላዳ በመቶ የሚቆጠር ሆኖ ሣር ሲነጭ፣ ዋልያ ገደል ላይ ቆሞ፣ የትም ዓለም የሌለ ነገር። አሁን በዚያ አካባቢ ያለው የጸጥታ ችግር ይታወቃል፣ ሰው በሰላም ወጥቶ መግባቱ ሳይረጋገጥ ሂዱ ማለት አልችልም። ግን ሰላም በነበረበት ጊዜም አይሄድም ነበር።

ለምን ቢባል፣ ለደሞዝተኛ የተዘጋጀ ነገር የለም። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ሄዳችሁ ዘጌ ልሻገር ብትሉ የጀልባው ዋጋ የሚቆረጠው ሰው ታይቶ ነው። ጎርጎራ፣ ወንጪ፣ ሃላላ ኬላ የተሠሩት ማረፊያዎች ያምራሉ፣ ሀገር የሚያኮሩ ናቸው፣ ያንን አልክድም። ለአስተማሪና ለነርስ ግን አይቀመሱም። አላስካ ላይ እኔን የነካኝ ይሄ ነው፦ አንዱ መርከብ ላይ 600 የከፈለም 6,000 የከፈለም አለ፣ ዋጋው ለሁሉም ተጽፎ ተቀምጧል፣ ዓመት ቀድሞ የያዘ ሰው በትንሽ በትንሹ ይከፍላል። ከባሕር ዳር ጎርጎራ እንዲህ ያለ ጀልባ፣ መኝታውም ምግቡም አንድ ላይ፣ ዋጋው የተለጠፈ፣ ከደሞዝ በየወሩ እየተቆረጠ የሚከፈል ቢሆን የሚሄድ ሰው ይጠፋል? አይጠፋም።

ማደራጀቱን እንደሆነ ከማንም በላይ እናውቅበታለን። ቁልቢ የሚሄደው፣ ግሸን የሚወጣው፣ ባሌ ሼክ ሁሴን የሚሄደው ሕዝብ ማን አደራጀው? ማኅበርተኛው በየወሩ ያዋጣል፣ አውቶቡስ ይከራያል፣ ስንቅ ይቋጥራል፣ አቅመ ደካማውን ደግፎ ያደርሳል። እዚህም ዕቁባችን ከእጃችን አልወጣም፣ ቤትና መኪና ገዝተንበታል። ለዕረፍት ግን ዕቁብ የጣለ ሰው አላየሁም።

በሴፕቴምበር ለሚሄድ መርከብ ቀብድ አስይዛችሁ የቀረውን ከጉዞው ሦስት ወር ገደማ በፊት፣ ማለትም ጁን ላይ ትጨርሳላችሁ። ከኦክቶበር ጀምሮ በወር 150 ዶላር የጣለ ሰው ጁን ላይ 1,350 ይኖረዋል፣ ክፍሉን፣ ታክሱንና ጉርሻውን ችሎ ለሲያትል ትኬትም የሚተርፍ ነገር አለው። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ስምንት ክፍልና ከዚያ በላይ ለሚይዝ ቡድን የተለየ ዋጋ ስለሚሰጡ ማኅበር ሆናችሁ ጠይቁ። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስተኛና አራተኛ ሰው ብዙ ጊዜ ዋጋው ይቀንሳል፣ ስለዚህ እናቶችን ይዛችሁ ሂዱ። "እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ፣ ለልጆቹ ይሁን" ይላሉ፣ አትስሟቸው። የካናዳ ቪዛ ለሚያስፈልጋቸው ማመልከቻው ከዕቁቡ ጋር አብሮ ይጀመር፣ ቀብዱም ቪዛው ሳይመጣ እንዳይከፈል።